ስለ ሞተር ሚኒሞና በመንገድ ላይ ደጋግሞ ስለ መጥፋቱ፤ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች
ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት አልፎ ወደ ነገሌ ቦረና፥ ከዚያም በፊልቱ በኩል እስከ ዶሎ የሚሄድ አውቶሞቢል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ወደ 1,500 ሜትር፥ በመጨረሻም 200 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው በረሓ ይወርዳል። በዚህ ጕዞ ተሳፋሪው ካፖርቱን ያወልቃል፤ ሞተሩ ግን ደጋ ላይ እንደ ተስተካከለ ቆላ ይገባል። ስለዚህ በአዲስ አበባ እንከን ያልነበረበት ሞተር ነገሌ ገበያ ዳር ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣም ይጠፋል።

ነገሩ የምቾት ጕዳይ ብቻ አይደለም። በሽተኛ ጭኖ ወደ ነገሌ የሚመጣ መኪና በየጥቂቱ ቢጠፋ ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ያውቀዋል። የፍሬን ማገዣ ባለው መኪናም ሞተሩ ቍልቍለት ላይ ከጠፋ፥ ፔዳሉ አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል።

መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» የሚሉት፥ እንደ ካንዴላና እንደ ቦቢና ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን፥ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ይኸውም ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ይደርሳል። በዚህ ጊዜ በካርቡራቶሩ ጕሮሮ ውስጥ ያለችው መዝጊያ ተዘግታለች ለማለት ይቻላል፤ ቤንዚኑም የሚመጣው ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ለብቻው በተሠራ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ አንዲት የዝገት ቅንጣት ከዚያ ብትገባ ሞተሩ በሩጫ ጊዜ ደኅና ሆኖ በቆመ ጊዜ ብቻ ይጠፋል። ይህ ምልክት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ችግሩ ከፖምፓው ሳይሆን ከዚያች ቀዳዳ መሆኑን ያመለክታልና።

አሁን ወደ ከፍታው ነገር እንመለስ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራቶር ግን አየሩን አይመዝንም፤ የአየሩ ክብደት ሲጨምር የሚስበው ቤንዚን የሚጨምረው በጭማሪው ካሬ ሥር ልክ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በ18 ዲግሪና በዶሎ በ35 ዲግሪ ሙቀት ብናሰላው፥ የዶሎ አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይከብዳል፤ ቤንዚኑ ግን የሚጨምረው 12 ከመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ለደጋ የተለካው ድብልቅ በቆላ 10 ከመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ በሚኒሞ ጊዜ አንዳንዴ ሳይቀጣጠል ያልፋል፤ ሞተሩም በካርቡራቶሩ በኩል ወደ ኋላ ይተፋል። ከዶሎ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መኪና ተቃራኒው ይደርስበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፥ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የድብልቁን ብሎን ቀስ ብሎ እስኪደናቀፍ ማጥበቅ፥ ከዚያ እጅግ ለስላሳ ሆኖ እስኪዞር ማላላት፥ በመጨረሻም የፍጥነቱን ብሎን ማስተካከል ነው። ይህን ሥራ መኪናው በሚያድርበት ከተማ እንጂ በአዲስ አበባ ማሠራት አይገባም። ብሎኑ ሲዞር ሞተሩ ምንም ካልተሰማው፥ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም በካርቡራቶሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን አየር ያስገባል። ለዚህ ፈተና በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ ይህ እሳት መጥራት ነው። ጥቂት ውሃ በመጋጠሚያው ዙሪያ ሲንጠባጠብ ድምፁ ከተለወጠ በቂ ማስረጃ ነው።

የመምጠጥ ኀይሉን በመለኪያ የሚፈትን ሰው ደግሞ መጽሐፉን በጥንቃቄ ያንብብ። ለባሕር ጠረፍ የተጻፉት መመሪያዎች ለደኅና ሞተር ከ18 እስከ 22 ኢንች ይላሉ፤ ንባቡ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፥ በነገሌ ከ13 እስከ 17 የሚያሳየው ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ቫልቭ ሊፈታ ይችላል።

በመንገድ ላይ አልፎ አልፎ የሚጠፋው ሞተር ግን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። በመጀመሪያ አጠፋፉን መጠየቅ ያስፈልጋል። መብራት እንደ ጠፋ ቤት በአንድ ጊዜ ጸጥ ካለ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ይሂድ፤ የጋለ ቦቢና ሥራ አቁሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እየተንፈራገጠና እየተንፈሰፈሰ ከጠፋ ግን ነዳጅ አጥቷል። ማረጋገጫውም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ በጕሮሮው ውስጥ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ገመድ በእጅ መሳብ ነው። ቤንዚን ፊን ብሎ ከወጣ ነዳጅ አለ።

ነዳጅ ከሌለ በቆላ ሁለት ነገሮች ቀድመው ይታሰቡ። አንደኛው የቤንዚን መትነን ነው። ከሞተሩ አካል ጋር የተያያዘው ፖምፓ ሲግል፥ በውስጡ ያለው ቤንዚን ተንኖ ፈሳሹ መሳብ ያቆማል፤ ከረጅም መንገድ በኋላ ለሻይ የቆመ መኪና አልነሣም የሚለውም ስለዚህ ነው። እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ የሚጠመጥሙት ሾፌሮች የሚያደርጉት ሳይንስ ነው፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይወስዳልና። ሁለተኛው የሰልባትዮው ክዳን ነው። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነ፥ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ ከታሰረ፥ ቤንዚኑ ሲቀንስ አየር ስለማይተካው መሳብ ያቅታል። ክዳኑ ሲከፈት «ፉስ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ፥ ወጪው የአንድ መርፌ ያህል ነው፤ ለዚህ ግን ፖምፓ የሚቀይር ጋራዥ አይታጣም።

በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ውሃና ዝገት ሊኖርበት ስለሚችል፥ ጥቂቱን በጠርሙስ አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል፤ ውሃው ከታች ይዘቅጣል።

ካርቡራቶር የሌላቸው፥ በኮምፒዩተር የሚመሩት መኪናዎች የአየሩን መጠን በራሳቸው ስለሚለኩ የከፍታው ችግር አያገኛቸውም። ፖምፓቸውም በሰልባትዮው ውስጥ ሆኖ ቤንዚኑን በግፊት ስለሚልክ መትነን እምብዛም አያስቸግራቸውም፤ ነገር ግን ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ስለ ሆነ፥ በባዶ ሰልባትዮ በረሓ መሻገር ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሚኒሞ ሲጠፋባቸው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአየር መዝጊያው ዙሪያ የተጋገረ ጥላሸት ነው። ከታጠበ በኋላም አንዳንዶቹ ሚኒሞአቸውን እንደ ገና እስኪለምዱ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ይዋልላሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ በነገሌና በሞያሌ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት መጠገናቸው አይቀርም።