ተከላካይ ጠበቃና የተከሳሽ መንገድ

በቀደመው ዘመን ከሳሽ ተከሳሹን በመንገድ አግኝቶ የራሱን ነጠላ ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ወደ ዳኛ ሲወስደው፣ ተከሳሹ ዋስ ጠርቶ ይለቀቅ፣ ዋስ ያጣ እንደ ሆነም ከባለጋራው ጋር ተቆራኝቶ ይውል ያድር ነበር፤ በችሎትም ፊት አንደበተ ርቱዕ የሆነው ድል ሲነሣ፣ ነገር የማያውቀው ድኻ እውነቱን እንደ ያዘ ተረትቶ ይመለስ ስለ ነበር፣ ነገረ ፈጅ ማቆም ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ዛሬ በወንጀል ነገር ከሳሹ መንግሥት፣ ተናጋሪውም ሕግ የተማረ ዐቃቤ ሕግ እንደ መሆኑ መጠን፣ በአንጻሩ የሚቆም ጠበቃ ያጣ ሰው ፍርዱ ሳይጀመር የተጎዳ ነው። ስለዚህም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፣ ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፣ የሚከፍለው አጥቶ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን ደግሞ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደንግጓል፤ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የተቋቋመውም ለዚሁ ነው።

የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ፖሊስ ምርመራውን ካልፈጸመ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ይህም በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አያልፍም። በጣቢያ ለሚቀርብለት ጥያቄ ዝም የማለት መብት አለው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የሰጠው ቃል በኋላ በማስረጃነት ይቀርብበታል። ተገዶ የሰጠው ቃል ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በዋስ ልለቀቅ ብሎ የሚያመለክተውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ወንጀሉ ዋስትና የሚያስከለክል ባይሆንም እንኳ፣ ከቀጠሮው ይቀራል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል ተብሎ ከታመነ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእምነት ክህደት ቃል የሚሰጥበት ሰዓት ነው። በጠብ ሰው አቍስሎ የተከሰሰ ገበሬ፣ ክሱ ተነብቦለት ሲጠየቅ፣ «ጌታዬ፣ መምታቱን መትቼዋለሁ፤ ዱላውን ቀድሞ ያነሣብኝ ግን እርሱ ነው» ቢል፣ በችሎቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ «አመነ» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፤ እምነት የሚባለው የወንጀሉን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ አንዳች ገደብ የተቀበለ እንደ ሆነ ብቻ ነውና፣ «ግን» ያለው ገበሬ እንደ ካደ ተቆጥሮ ይመዘገብለታል፣ ራሱን ለመከላከል ያደረገው መሆኑም በወንጀል ሕጉ 78ኛ አንቀጽ መሠረት ይመረመርለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ደንግጦ፣ ወይም ምሕረት አገኛለሁ ብሎ፣ ያችን «ግን» ዋጥ ያደርጋታል፤ ስንቱ ሰው በዚህች አንዲት ቃል መቅረት ተጎድቷል! ጠበቃ አስቀድሞ ሊመክረው የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ተከሳሹ ከካደ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል፣ ጠበቃውም በመስቀለኛ ጥያቄ ይመረምራቸዋል፤ «አይቻለሁ» ያለው ምስክር የት ቆሞ እንዳየ፣ መሽቶ እንደ ነበር ወይስ ገና ብርሃን እንደ ነበር፣ ከተበዳዩ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ይጠየቃል። ይህን የሚያደርገውን ጠበቃ «ወንጀለኛ አስመላጭ» የሚሉት ሰዎች፣ ባልተመረመረ ምስክርነት ንጹሕ ሰው ወኅኒ ሊወርድ እንደሚችል የዘነጉ ይመስለኛል። ማስረጃው ያልበቃ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ መከላከያ ሳይጠይቅ ተከሳሹን በነጻ ያሰናብታል፤ ከበቃም «ይከላከል» የሚል ብይን ይሰጣል። ይህን ብይን ሰምተው እንደ ተፈረደበት ቆጥረው የሚያለቅሱ ዘመዶች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ፍርድ አይደለም፤ የመከላከያ ምስክሮቹ ገና መሰማት አለባቸው።

ጥፋተኛ የተባለም ቅጣት ማቅለያ ያቀርባል፣ ይግባኝም ይላል፤ የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን፣ ዝርዝር አቤቱታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከተሰጠ በ30 ቀን መግባት ስላለበት፣ ትጉ ጠበቃ ግልባጩን የሚጠይቀው ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ነው።