የዕቃ ማሰሪያ ላስቲክ መንጠቆ በቤት ሲሠራ

ለበዓል ወደ አያቶች ቤት ሲኬድ ሻንጣውንና ካርቶኑን ፖርቶመጋላ ላይ የሚይዘው፣ ከገበያ ሲመለሱም ዘንቢሉን ከሞተር ሳይክሉ ጋር የሚያስረው የላስቲክ ገመድ ከብዙ ቤት አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ላስቲኩ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው የብረት መንጠቆ ነው። ይዝጋል፣ አፉ ይከፈታል ወይም ወልቆ ይጠፋል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ገመዱን ይጥለዋል፤ ሌላው ደግሞ ያገኘውን ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ይቀጥልበታል። የሚያሰጋው ይህ ሁለተኛው ነው።

የተለጠጠ ላስቲክ ከተወጠረ ወንጭፍ አይለይም። ማዶ ያለው መንጠቆ ድንገት ከለቀቀ ብረቱ የሚወረወረው ወደሚስበው ሰው ፊት ነው። አጠገብ የቆመ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ከገመዱ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምት ዓይን ውስጥ ደም እንዲቋጥር፣ ሬቲና የሚባለውም የኋላ ሽፋን እንዲላቀቅ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ መንጠቆውን በቤት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን በደንብ መሠራት አለበት።

በመጀመሪያ ገመዱን ይመርምሩ። ሽፋኑ ተቀዶ ላስቲኩ ከታየ ወይም ሲለጠጥ የመሰነጣጠቅ ምልክት ካሳየ አዲስ መንጠቆ አያድነውም። ገመዱ ደህና ከሆነ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የብረት ሽቦ ያዘጋጁ። ለፌሮ ማሰሪያ የሚያገለግለው ለስላሳ ጥቁር ሽቦ አይሆንም፤ ሲሳብ ይቃናል። የልብስ መስቀያ ሽቦም ቀጭን ነው። መሣሪያው ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና ሞረድ ነው።

8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ገመድ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይቁረጡ። ገመዱን የሚያህል ለስላሳ የብረት ዘንግ ሞርሳ ላይ አስረው ሽቦውን ሦስት ጊዜ አጥብቀው ይጠምጥሙበት። የቀረውን ጫፍ በወፍራም ቧንቧ ላይ አዙረው መንጠቆ ያድርጉት። የመንጠቆው ሆድ ከገመዱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ይዋል፤ ወደ ጎን ካጋደለ ሲሳብ ይጣመማል። ትርፉን ቆርጠው ጫፎቹን በሞረድ ያለስልሱ፤ የመንጠቆውን ጫፍ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍኑት። ገመዱን ከኋላ በጥምጥሙ ውስጥ አሳልፈው በመንጠቆው በኩል አጥብቀው ይቋጥሩት። ቋጠሮው በጥምጥሙ ውስጥ የማያልፍ መሆን አለበት።

ሽቦው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ለማለስለስ ብለው እሳት ውስጥ አይክተቱት፤ ጭሱ ለጤና ጎጂ ነው። በሥራው ጊዜ ሁሉ መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ልጆች መለካትና በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይችላሉ፤ ብረት ሲቆረጥና ሲታጠፍ ግን ራቅ ብለው ይመልከቱ።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ነውና ጉዞ ላይ ከመሞከር በፊት በቤት ይፈትኑት። መንጠቆውን ጠንካራ አግዳሚ ላይ ሰቅለው ከሌላው ጫፍ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን፣ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው ያንጠልጥሉ። አካባቢውን ከልጆች ይጠብቁ። በማግሥቱ የመንጠቆው አፍ ከፈት ካለ ወይም ቋጠሮው ከተንሸራተተ ይጣሉትና በወፍራም ሽቦ እንደገና ይሥሩ።

ፈተናውን ያለፈ መንጠቆም ልክ አለው። ቀላል ዕቃ እንዳይንሸራተት ይይዛል እንጂ የጋዝ ሲሊንደር፣ አልጋ ወይም የልጅ መቀመጫ አይታሰርበትም፤ ለከባድ ዕቃ የማይለጠጥ ገመድ ይጠቀሙ። ላስቲኩን ከርዝመቱ ግማሽ ያህል በላይ አይጨምሩበት። ሲስቡ ፊትዎን ከገመዱ መስመር ያርቁ፤ ሲፈቱም መንጠቆውን እስኪላላ ድረስ በእጅዎ ይያዙት።

አደጋ ከደረሰ ዓይኑን አይሹት፣ አይጫኑት። ዓይኑን ሳይነካ ከላይ በንጹሕ ኩባያ ከልለው ወዲያውኑ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና ይታወቃል። ሕመሙ ቢቀንስም ምርመራው አይቅር፤ የውስጡ ጉዳት ከውጭ ላይታይ ይችላልና።