ከውሻ ጋር ወደ ሐይቅ ዳር

አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም የውሃ ዳር መዝናኛ አላጣንም። አባቶቻችን ጣናን «ባሕር» ብለው፣ በዳርቻው የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር አሏት። እኛ የጌዴኦ ሰዎች ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንወርዳለን። ቤተሰብ ይዞ መውረድ፣ ዓሣ በልቶ መመለስ የተለመደ ነው። ውሻ ይዞ መውረድ ግን ገና ብዙውን ሰው ያስቃል፤ አንዳንዱንም ያስቆጣል።

እኔ የምኖረው በጌዴብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ነው። በእኛ አካባቢ ውሻ ሠራተኛ ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ቀን ጦጣ ከጓሮ ያባርራል፣ ደጅ ያድራል። ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ስንነሣ የልጅ ልጆቼ «መቻል ካልሄደ እኛም አንሄድም» ብለው አኮረፉ። መቻል ውሻችን ነው። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ «ሲስተር፣ ጡረታ ሲወጡ ውሻ ማዝናናት ጀመሩ?» ብለው ሳቁብኝ። «ክትባቱን ወስዷል፤ ምን ይከለክለዋል?» አልኳቸው።

ክትባቱን ያነሣሁት ለቀልድ አልነበረም። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙ ሕመም አይቻለሁ፤ እንደ እብድ ውሻ በሽታ የሚያንገበግበኝ ግን የለም። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ቡችላ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር ቤተሰቡ ቅጠል አሰሩለትና ዳነ። ከሁለት ወር በኋላ ሲያመጡት በብርጭቆ ውሃ ስናቀርብለት ጉሮሮው ይኮማተር፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ልጁም በቀናት ውስጥ አረፈ። ሊያድኑት ይችሉ የነበሩት ውሃ፣ ሳሙናና በጊዜው የተወሰደ ክትባት ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተነከሰ ልጅ የሰጠው በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ የሽርሽሩ ዝግጅት ከስንቅ ሳይሆን ከእንስሳት ክሊኒክ ይጀምራል። ውሻው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነ ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሁን፤ የሆድ ትላትል መድኃኒትም ይሰጠው።

እኛ የተነሣነው ከንጋቱ 12 ሰዓት በልጄ መኪና ነው። የሕዝብ ማመላለሻ ለውሻም ለተሳፋሪም አይመችም። መንገድ ላይ እንዳያስመልሰው ጠዋት ምግብ አልሰጠነውም። በይርጋጨፌ አድርገን ዲላ ስንደርስ አውርደን አናፈስነው፤ ውሃም አጠጣነው። ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራልና ውሻን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአፍታም ትታችሁት አትሂዱ። አብዝቶ ካለከለከና ከተንገዳገደ ጥላ ሥር አድርጋችሁ ሰውነቱን በውሃ አርጥቡለት።

አሞራ ገደል ዓሣ ለሚወድ ሰው ደስ ይላል፤ ለውሻ ግን ፈተና ነው። የዓሣ ሆድ ዕቃ፣ የሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎችና ጦጣዎቹ ሁሉ ያስሮጡታል። እኛ ሰው ያልበዛበት ዳርቻ መረጥን፤ መቻልንም ከገመዱ አልፈታነውም። ሐይቁ ጉማሬ ስላለው ወደ ሸምበቆው አላስጠጋነውም። ቢልሃርዚያ ስላለም ልጆቹን ውሃው ውስጥ አላስገባኋቸውም። አጠገባችን የተቀመጡ ቤተሰቦች ውሻ እንዲነካቸው እንደማይፈልጉ ስናይ ራቅ ብለን ተቀመጥን፤ እነሱም አመሰገኑን። የቆሮሶ ጥብስ ሲመጣ ልጆቹ አጥንቱን ሊወረውሩለት ነበር፤ ከለከልኳቸው። የበሰለ የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ይወጋል።

አንዲት የማናውቃት ሕፃን መቻልን ልታቅፍ ሮጣ ስትመጣ የልጅ ልጄ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። «መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቂ፤ ከዚያ እጅሽን ያሽትተው፤ ሲበላ ደግሞ አትንኪው» አለቻት። ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ የነገርኳትን ነው። ያን ቀን የቱንም ያህል ዓሣ ብበላ እንደዚያ አያጠግበኝም ነበር።

ውሻ ከነከሰ፣ ከቧጨረ ወይም ቁስልን ከላሰ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። ቅጠል፣ ቡና ወይም ጨው አትነስንሱበት። ቁስሉ ቢያንስም፣ የነከሰው ቡችላ ወይም የራሳችሁ ውሻ ቢሆንም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባት ከታዘዘ እስከ መጨረሻው ውሰዱ፤ ቁስሉ ስለደረቀ አታቋርጡ።

ጎረቤቴ በማግስቱ መጥተው «ክትባቱ የት ነው የሚሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ውሾች አሏቸው። እናንተስ? የውሻችሁ የክትባት ካርድ ካለ ቀኑን ተመልከቱ፤ ዓመት ካለፈው ወይም ካርድ ከሌለው፣ ሐይቅ ዳር ሄዳችሁም ቀራችሁም፣ በዚህ ሳምንት አስከትቡት።