ከባድ ሞተርን ወደ መኖሪያ ግቢ ስለ ማስገባት

በግቢው ወፍጮ ለመትከል ወይም ትንሽ የሥራ ቤት ለማቋቋም ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የሞተሩን ዋጋ፣ ቀረጡንና የመኪናውን ኪራይ ነው። ሞተሩ ከመኪና ወርዶ እስከ መሠረቱ ድረስ ያለችውን አጭር መንገድ የሚያስባት ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ የሠራተኛ እግር የሚቀጠቀጠውና የተከፈለበት ሞተር ሳይሠራ የሚሰበረው በዚችው መንገድ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር በደርስሌ ከተማ ይሠራ የነበረው ባለ 6 የፈረስ ጉልበት የሊስተር ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲኖረው ክብደቱ ከ3 ኩንታል ይበልጣል። አካሉ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ከወደቀ ይሰነጠቃል እንጂ አይጣመምም። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. በሰጠው ምክር አንድ ጐልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ አሳስቧል። ሸክሙ ለ6 ሰው ይከፈላል ቢባል እንኳ አንዱ ሲደናቀፍ ክብደቱ በቀሩት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የሚሻለው ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ነው።

አስቀድሞ የበሩ ስፋት ይለካ፤ ነዳጁ፣ ዘይቱና ውሃው ይቀዳ። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ያኽል ስለሆነ መሠረቱ ሞተሩ ሳይመጣ ይፍሰስ። ቀጥሎም ሞተሩ በሁለት ወፍራም እንጨቶች ላይ በቡሎን ይታሰር።

የመኪናው ጀርባ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ ማውረጃው ጣውላ 4 ሜትር ይሁን። በዚህ ተዳፋት ሞተሩን ወደ ታች የሚስበው ኀይል የክብደቱ ሩብ ያኽል ነው፤ ይኸውም ለ4 ኩንታል 1 ኩንታል ማለት ነው። ይህንም በጠንካራ ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ የተጠመጠመ ገመድ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በተዳፋቱ ላይ ቱቦ ከሥር አይግባ፤ ከሞተሩ በታች በኩልም ማንም አይቁም።

በሜዳው ላይ ግን ከእንጨቶቹ ሥር ቢያንስ 3 የብረት ቱቦዎች ይደረጋሉ፤ ከኋላ የወጣውን እያነሡ ከፊት ማስገባት ነው። ጫፉን ለማንሣት ዲጅኖ ይበቃል፤ ድጋፉ ከሸክሙ 15 ሳንቲ ሜትር፣ እጁ ከድጋፉ 135 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ የአንድ ሰው ጉልበት 9 እጥፍ ይሆናል። በተነሣው ሥር እንጨት እንጂ እጅ አይግባ።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ የተለየ ውል ከሌለ፣ ገዥው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የራሱ ነው። እንግዲህ ገዥ ርክክቡ በመኪናው ላይ ወይስ በመሠረቱ ላይ መሆኑን በውሉ ያስጽፍ፤ ሻጭም የሞተሩን ክብደትና የማንሻውን ቦታ በደረሰኙ ላይ ይግለጽ። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ የደንበኛውን ገንዘብም፣ የሠራተኛውን አካልም ይጠብቃል።