ባና የለበሰ ግድግዳ

አዲስ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ባዶውን ቤት የከፈተ ዕለት መጀመሪያ የሚቀበለው የገዛ ድምፁ ነው። ሳሎኑ መሀል ቆሞ አንድ ቃል ሲናገር ቃሉ ከግድግዳው፣ ከሴራሚኩ ወለልና ከመስኮቱ መስታወት እየተላተመ ይመለስበታል። ሶፋው፣ ምንጣፉና መጋረጃው ሲገቡ ያ የገደል ማሚቶ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። አብዛኛው ነዋሪ ልብ አይለውም። እዚያው ቤት ውስጥ መዝሙር፣ ትረካ ወይም ዘፈን ለመቅዳት ማይክ የተከለ ወጣት ግን ልብ ሊለው ግድ ነው፤ ማይኩ ከአፉ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳው የመለሰውንም ይቀዳልና።

የሰው ጆሮ በዚህ ረገድ ይቅር ባይ ነው። ሁለት ጆሮና አንጎል ተባብረው የተናጋሪውን ድምፅ ይመርጣሉ፤ የክፍሉን ማስተጋባት ችላ ይሉታል። ማይክ ይህ ችሎታ የለውም። ስለዚህ ቀረጻው ሲሰማ ዘፋኙ ባዶ በርሜል ውስጥ ሆኖ የዘፈነ ይመስላል። ብዙዎች ጥፋቱን ማይኩ ላይ ጥለው ለተሻለ ማይክ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራሉ። አዲሱ ማይክ ሲገዛ ደግሞ ያንኑ ማስተጋባት የበለጠ አጥርቶ ያሰማቸዋል። ከማይኩ በፊት መታከም ያለበት ክፍሉ ነው፤ መድኃኒቱም አብዛኛውን ጊዜ አልጋው ላይ ተነጥፏል።

ጨርቅ ድምፅን ምን ያህል እንደሚውጥ ለክቶ ያሳየው በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የተከፈተው የፎግ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ ለጆሮ የማይመች ሆኖ ተገኘ። እዚያ የተነገረ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ እየተንሳፈፈ ቀጥሎ ከሚመጣው ቃል ጋር ይደባለቅ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከአቅራቢያው ሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፤ የኦርጋን ቧንቧ አስጩኾ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል። ትራስ በተጨመረ ቁጥር የማስተጋባቱ ጊዜ ያጥራል። ከዚያ ልፋት የተገኘው ቀመር በ1900 ለተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ አሠራር ዋለ።

ታላላቆቹ ስቱዲዮዎችም ጨርቅን አልናቁም። እ.ኤ.አ. በ1931 ለንደን ውስጥ በተከፈተው አቤይ ሮድ ስቱዲዮ፣ የሙዚቃ ቡድኑ ቢትልስ አብዛኛውን ሥራውን በቀዳበት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት በደረቅ የባሕር ሣር የተሞሉ ወፋፍራም ልብሶች ናቸው።

ነገሩ አስማት የለበትም። ድምፅ የአየር መወዛወዝ ነው። የሚወዛወዘው አየር በክሮቹ መካከል ለመሹለክ ሲታገል ይፋተጋል፤ ጉልበቱም ወደ እጅግ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሆነው አየር የሚያሳልፍ፣ ግን በቀላሉ የማያሳልፍ ልብስ ነው። አፍ ላይ አድርጎ እፍ በማለት መሞከር ይቻላል። ትንፋሹ ጨርሶ ካላለፈ፣ እንደ ላስቲክ ሸራ፣ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። እንደ ነጠላ ያለ ችግር ካለፈም ድምፁም እንደዚያው ያልፋል። ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራው የመንዝ ባና ለዚህ ሥራ የታሰበ ይመስላል። ወፍራም ቡልኮም፣ ተደራርቦ የታጠፈ ጋቢም አያሳፍርም።

አሰቃቀሉ ግን ከልብሱ እኩል ይወስናል። ቀጭን መጋረጃ ግድግዳ ላይ ተወጥሮ ሲሰቀል፣ በ1,000 ኸርዝ አካባቢ ካረፈበት ድምፅ የሚውጠው 17 በመቶ ያህሉን ነው። ከባድ ከፋይ በደንብ ተሸብሽቦ ሲሰቀል ግን ወደ 72 በመቶ ይደርሳል። ከግድግዳ ማራቅም ይረዳል። አየር ግድግዳው ሥር መወዛወዝ አይችልም፤ ግድግዳው ያስቆመዋል። የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ከክር ጋር አይፋተግም። ስለዚህ ብርድ ልብሱን በምስማር ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ፣ ገመድ ወጥሮ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቆ ማንጠልጠል ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል። የተለመደው የዘፋኝ ማይክ ግን ከፊቱ ያለውን ነው በደንብ የሚሰማው፤ ከጀርባው የሚመጣውን እምብዛም አይሰማም። ከማይኩ ፊት ያለው ማን ነው? ዘፋኙ፣ ከዘፋኙም ጀርባ ያለው ግድግዳ። አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ከራሱ ጀርባ ይስቀለው። ሁለት ካሉት ከኋላው እንደተከፈተ መጽሐፍ አጋጥሞ ያቁማቸው። ሦስተኛ ከተገኘ ከራሱ በላይ ይወጠር፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ድምፅ መላሽ ነው። ከአፍ እስከ ማይክ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል።

ጨርቅ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ያው ከባድ ከፋይ በ125 ኸርዝ፣ ማለትም የጎርናና ወንድ ድምፅ በሚያርፍበት አካባቢ፣ የሚውጠው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ረጅም ሞገድ አለው፤ የ100 ኸርዝ ሞገድ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልብስ አይዘውም። በዚህ ምክንያት ክፍሉን ዙሪያውን በስስ ልብስ የሸፈነ ሰው ቀጭኑን ድምፅ ገድሎ ጎርናናውን ብቻ እንዲያጉረመርም ይተወዋል፤ ቀረጻውም የታፈነ ይሆናል። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው የሚቀዱ ሰዎችም ይህ ያጋጥማቸዋል። ከፍራሽ ጋር ደራርቦ ማወፈርና ከማዕዘን ርቆ መቆም ያግዛል።

የውጭ ጫጫታንም አያስቆምም። የባጃጅ፣ የውሻ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፅ የሚገታው በከባድ ግድግዳና በጥብቅ በር እንጂ በጨርቅ አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶንም ለዚህ አይሆንም፤ ማስተጋባቱን ለመዋጥ ራሱ ከወፍራም ብርድ ልብስ አይተካከልም፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ለጫጫታው አቅም የማይጠይቀው መፍትሔ የሳቢን ነው፦ ሌሊቱን መጠበቅ።

ልዩነቱን ለመስማት አንድ ስንኝ ሁለት ጊዜ መቅዳት ይበቃል፤ አንዴ በባዶ ግድግዳ፣ አንዴ ባናው ከጀርባ ተሰቅሎ። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ መከታተል ያለበት የመጨረሻው ቃል ካለቀ በኋላ ያለው ቅጽበት ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ቃሉ ጭራ አስከትሎ ይቀራል፤ በሁለተኛው አፍ ሲዘጋ አብሮ ይቆማል። ቀረጻው ሲያልቅ ባናው ከገመዱ ይወርድና ወደ አልጋው ይመለሳል።