የሙቀጫ ምትና የሞተር ምት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር ግቢዎች ገብስ ሲወቀጥ ቆሞ ያዳመጠ ሰው፥ መጽሐፍ ሳይገልጥ ስለ ምት ብዙ ይማራል። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ፊት ለፊት ቆመው በየተራ ይወቅጣሉ፤ የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይነሣል። አንዷ ጥቂት ብትዘገይ ዘነዘናና ዘነዘና ይጋጫል። እንግዲህ ምቱ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ ሥራውን የሚያስኬደው እርሱ ነው። ሦስተኛ ሴት ስትጨመር ምቱ ከሁለት ወደ ሦስት ይለወጣል፤ ቈጥሮ ያስተማራቸው ግን የለም።

ጀርመናዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ካርል ቢኸር በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) «ሥራና ምት» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ምት የብዙ ሰዎችን ጉልበት እንደሚያስተባብርና ድካምን እንደሚያቀል ገልጿል። የጎጃም ገበሬ ይህን በአረም ደቦ ያውቀዋል፤ አውራጁ ያወርዳል፥ ተቀባዩ ይቀበላል፥ እጅም አብሮ ይሄዳል።

የሞተር ወፍጮ በየመንደሩ ከተተከለ ወዲህ ግን የመጁ ድምፅ ቀነሰ፤ እናቶች ሌሊት እየፈጩ የሚያንጎራጉሩትም ዜማ አብሮት ቀነሰ። እኛ መጁ ይመለስ አንልም። ያንን የድካም ሌሊት ስለ ዜማው ብሎ የሚናፍቅ፥ ፈጭቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ሞተሩ የሚሰጠን ዱቄት ብቻ ነውን? በሌላው ዓለም የመኪና ጩኸት ለሙዚቃ ጥሬ ዕቃ ሆኗል። ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ሩሶሎ በ1913 ጩኸት ጥበብ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ፥ ጩኸት የሚያወጡ መሣሪያዎች ሠራ። ሩሲያዊው አሌክሳንድር ሞሶሎቭ በ1920ዎቹ የብረት ፋብሪካን ድምፅ በኦርኬስትራ አሰማ። ኤድጋር ቫሬዝ በ1931 በፈጸመው ድርሰቱ ሲሬናን ከከበሮ ጋር ለ13 ተጫዋቾች አከፋፈለ። አሜሪካዊው ጆን ኬጅ ደግሞ በ1939 መካኒኮቻችን ታምቡር የሚሉትን የመኪና ፍሬን ብረት የሙዚቃ መሣሪያ አደረገው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን በግብፅ የተወለደው ሃሊም ኤል ዳብህ ነው። በ1944 በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፥ ድምፁን እየለዋወጠ አዲስ ሙዚቃ አወጣበት። ይኸው ሰው በ1963 በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቶ፥ ማሲንቆን፥ ክራርን፥ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድ መድረክ አገናኘ። ሙቀጫና ዘነዘና ግን በብዙዎቻችን ዘንድ እስከ ዛሬ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ ናቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ኤል ዳብህ የተጠቀመበትን የመሰለ መቅረጫ ዛሬ በየኪሳችን በስልክ አለ። በዚህ ክረምት ወደ ወላጆቻችን ቤት ስንመለስ፥ አስቀድመን አስፈቅደን የሙቀጫውን፥ የአረም ደቦውንና የሞተር ወፍጮውንም ድምፅ እንቅረጽ፤ ሥራው ምን እንደ ነበረ፥ የት እንደ ተሠራና ማን እንዳወረደው እንጻፍ። በመስከረም ስንገናኝ ሦስቱን በአንድነት እናዳምጣቸው፤ ከበሮ የሚመቱ ጓደኞቻችንም ከዚያ ይነሡ። እናቶቻችን ከድካሙ ማረፋቸው መልካም ነው፤ ምታቸው ግን ሳይሰማ ዝም እንዳይል የእኛ ፋንታ ነው።