ራስ ወዴት፣ ሆድ ወዴት? ከዝንብ እንቁላል የተገኘ ትምህርት
በጣም የበሰለ ሙዝ ባስቀመጥንበት ሁሉ የሚያንዣብቡትን ደቃቅ ዝንቦች ታውቋቸዋላችሁ። በእጃችን የምናባርራቸው እነዚህ ፍጥረታት ተመራማሪዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዛሬ ከትምህርታቸው አንዱን እናነሳለን።

የዝንቧ እንቁላል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እጭ ይፈለፈልበታል፤ እጩም ራስ፣ ደረትና ሆድ አለው። በሕዋሳቱ ሁሉ ያለው የዘር መመሪያ ግን አንድ ነው። ታዲያ አንዱ ሕዋስ ራስ፣ ሌላው ሆድ መሆን እንዳለበት በምን ያውቃል?

መልሱ የሚጀምረው ከእናቲቱ ነው። እንቁላሉ ገና በሆዷ ሳለ፣ «ባይኮይድ» የተባለው ፕሮቲን የሚሠራበትን መልእክት በፊተኛው ጫፍ ታኖርለታለች። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ፕሮቲኑ ተሠርቶ ከጫፉ ወደ መሀል ይሰራጫል፤ እየራቀ ሲሄድም እየሳሳ ይመጣል። ባይኮይድ ሌሎች ጂኖችን የሚያነቃ ነውና፣ በብዛት ባለበት ስፍራ የራስ ጂኖች ይነቃሉ፤ መጠኑ ሲቀንስ የደረት። ሆድን የሚያደራጁት ደግሞ ከኋለኛው ጫፍ የሚነሡ ናቸው።

ይህ ግምት አይደለም። የእናቲቱ የባይኮይድ ጂን ከተበላሸ፣ የጽንሱ የራሱ ጂን ደህና ቢሆን እንኳ ራስም ደረትም አያወጣም፤ በራስ ፈንታ የጅራት ክፍል ይበቅልበታል። መልእክቱ በመርፌ እንቁላሉ መሀል ሲጨመር ደግሞ የራስ ክፍሎች መሀል ላይ ወጡ! ለዚህ ሁሉ መንገድ የከፈቱት ክርስቲያነ ኒውስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ዊሻውስ በጀርመን ሃይደልበርግ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ጥናት ሲሆን፣ በ1995 ከኤድዋርድ ልዊስ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል።

ነገሩ ከዝንብ አልፎ ቤታችንም ይገባል። በዚያው በ1995 በስዊዘርላንድ ባዝል፣ በዋልተር ጌሪንግ ቤተ ሙከራ፣ አንድ ጂን በዝንብ እግርና ክንፍ ላይ እንዲነቃ ሲደረግ እዚያው ዓይን በቀለ። ከአይጥ የተወሰደው አቻውም ያንኑ አደረገ፤ የበቀለው ግን የዝንብ ዓይን እንጂ የአይጥ አልነበረም።

ይህ ጂን በሰውም አለ፤ ስሙ ፓክስ 6 ነው። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሲጎድል ሕፃኑ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል ሳይኖረው ወይም ጎድሎበት ይወለዳል፤ ብርሃን ይከብደዋል፣ ግላኮማም ሊከተለው ይችላል። እናቶች፣ እንዲህ ያለ ዓይን ካያችሁ ሳትዘገዩ ለዓይን ሐኪም አሳዩ። በአንዳንዶቹ ሕፃናት ከጎኑ ያለ ሌላ ጂን አብሮ ስለሚጎድል ለኩላሊት ካንሰር ይጋለጣሉ፤ በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ኩላሊታቸውን በአልትራሳውንድ እየደጋገሙ ያያሉ።